የጥርሱ ሌላ ነው

ጭልፋውን ከሙሉሃብት እጅ የወሰደችው ወለተ ማርያም ነበረች። የአናጢው የባዳሳ እናት በተቀበሩ ማግስት ነው፤ ሮቤ ከተማ ውስጥ፣ ከለቅሶው ድንኳን ጀርባ፣ ድስቶቹ በተጣዱበት ጓሮ። ሙሉሃብት የምስር ወጡን እያማሰለች ሳለ ሳል ያዛት። ጭልፋውን ድስቱ ላይ ትታ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና እስኪወጣላት ሳለች። ስትመለስ ጭልፋው በሌላ ሰው እጅ ነው።

«አንቺ እረፊ» አለቻት ወለተ ማርያም፣ ዓይኗን ከድስቱ ሳትነቅል።

«አልደከመኝም።»

«ቢሆንም እረፊ። ሴቶቹ ተነጋግረውበታል።»

ሙሉሃብት ዙሪያዋን ቃኘች። ሽንኩርት የሚልጡት ሴቶች ሁሉ ሽንኩርታቸው ላይ አቀርቅረዋል። ባሏ ከሞተ ወዲህ የዚህን እድር ወጥ ቤት የምትመራው እሷ ናት። ጨው በሷ ምላስ ይቀመሳል፤ ድንኳኑን በዓይኗ ለክታ ምን ያህል ዱቄት እንደሚቦካ የምትናገረው እሷ ናት። የነዚህን ሴቶች እናቶችና ባሎች አብራ ስትቀብር ኖራለች። አሁን ግን አንዷ እንኳ ቀና ብላ አላየቻትም።

«ምን ተባባላችሁ?»

ወለተ ማርያም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የሳንባ ነቀርሳ ነው የያዛት እየተባለ ነው። ከክሊኒክ የሰማ ሰው አለ። ብዙ ሰው የሚበላበት ቤት ነው፣ ሙሉ። አትቀየሚን።»

ሙሉሃብት ሽርጧን ፈትታ አጥሩ ላይ ሰቀለችውና በጓሮ በር ወጣች። በድንኳኑ በኩል ስታልፍ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ጉሉማ አዩዋትና አንገታቸውን ደፉ። ያኔ ገባት። የተነጋገሩት ሴቶቹ ብቻ አልነበሩም።

ሳሉ የጀመራት ባለፈው ክረምት ነው። የድዷ ሕመም ግን ከሳሉ ይቀድማል። ጠዋት ጠዋት ጥርሷን ስትፍቅ ደም መውጣት ጀመረ። ደሙን ስታይ ፈርታ መፋቂያውን ተወችው፤ እሱን ስትተው ደግሞ ባሰባት። ድዷ አበጠ፣ ከጥርሷ እየሸሸ ሄደ፣ የታች ጥርሶቿ በምላስ ሲነኩ መነቃነቅ ጀመሩ። ከእንቅልፏ ስትነሳ አፏን የሚሞላው የመግል ጣዕም ነው። ሰው ፊት ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ለመደች።

ከቤቷ ቀጥሎ ሱቅ ያላት ሰሚራ ይሄን ሳትጠየቅ አውቃው ነበር። ሰሚራ የስልጤ ልጅ ናት፤ ገና ሕፃን ሳለች ከአባቷ ጋር ለንግድ ሮቤ መጥታ እዚያው ያደገች፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ከሮቤ ልጆች እኩል የምትናገር። አንድ ቀን ቅርንፉድ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት።

«ይሄ ሕመሙን ያስታግስልዎት እንደሆን እንጂ አያድንዎትም፣ እትዬ ሙሉ» አለቻት። «ለሐኪም ይንገሩ።»

ሙሉሃብትም ተናገረች። በኋላ ስታስበው ደሟን የሚያፈላው ይሄ ነው። ጎረቤት ፊት የሸፈነችውን አፍ ሐኪም ፊት አልሸፈነችውም። ሳሉ አላስተኛ ሲላት ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው የግል ክሊኒክ ሄደች። የተቀበላት ሰሎሞን የሚባል ጤና መኮንን ነበር፤ ፈጣን፣ ትሑት የሚመስል፣ በሽተኛው ተናግሮ ሳይጨርስ መጻፍ የሚጀምር።

«ሌላ የሚያምዎት ነገር አለ፣ እማማ?»

«ድዴ ይደማል። መግልም ይወጣዋል። አፌ ለራሴ ይሸተኛል።»

«የጥርሱ ሌላ ነው» አላት እየጻፈ። «ለሱ ጥርስ ሐኪም ጋ ይሂዱ። እኔ ስለ ሳልዎ ነው የምጠይቅዎት።»

እንክብልና ሽሮፕ ሰጣት። ሽሮፑ ማታ የሚጠጣ ነበር፤ እሱን ስትጠጣ እንደ ድንጋይ ትተኛለች። ለጥቂት ቀን ሳሉ የቀነሰ መሰለ፤ ከዚያ ከትኩሳት ጋር ተመለሰ። ተመልሳ ሄደች። አሁንም ስለ ድዷ ተናገረች፤ እንዲያውም ከንፈሯን በጣቷ ገልጣ ልታሳየው ቀና ስትል ሰሎሞን በእጁ አስቆማት።

«የጥርሱ ሌላ ነው አልኩዎት እኮ፣ እማማ።»

በሌላ ጊዜ ደግሞ ጎኗን እየወጋት፣ ቀሚሷ ሰፍቷት ሄደች። አክታዋ ተመረመረ፤ የነቀርሳ ተሕዋስ አልተገኘበትም። ደረቷ ራጅ ተነሳ፤ በቀኝ በኩል ጥላ ታየ። ሰሎሞን ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ ራሱን ነቀነቀ። «አንዳንዴ በአክታ አይታይም። ጊዜ ከምናባክን መድኃኒቱን እናስጀምርዎት» አላት። ሽሮፑንም እንድትቀጥል ነገራት። ስለ አፏ የተናገረችበት እንጂ አፏ የታየበት ቀን አልነበረም።

ቤት ስትገባ ነገሩን ለልጇ ለዘውገ ነገረችው። ዘውገ የኮምባይነር ሾፌር ነው፤ አጨዳ ሲደርስ ከሲናና እስከ ገሰራ በየማሳው ሲዞር የሚከርም። በማግስቱ አልጋዋ የስንዴ ጆንያ ወደሚቀመጥበት የጓሮ ክፍል ወጣ። የዘውገ ሚስት ሮሚ የሙሉሃብትን ብርጭቆና ሳህን ለይታ፣ እንዳይቀላቀል ብላ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረገችበት። የልጅ ልጆቿ በሩ ላይ ቆመው ያዩዋታል እንጂ አይገቡም። ሙሉሃብት አልተቃወመችም። ለነሱ ሲባል ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ከለቅሶ ቤቱ ጓሮ የወጣች ዕለት ግን ሄዳ የተቀመጠችው እዚያው ጆንያዎቹ መሃል ነበር፤ ያን ዕለት ክፍሉ ጠበባት።

የነቀርሳውን መድኃኒት የምትውጠው በየማለዳው ክሊኒኩ ሄዳ፣ ነርሷ ፊት ነው። በጀርባ በኩል ትንሽ ክፍል አለች፤ ከፊቷ አግዳሚ ወንበር። እዚያ ወንበር ላይ ቦሩ ከሚባል ወጣት ጋር ተዋወቀች። ቦሩ የገሰራ ልጅ ነው፤ ሮቤ ጆንያ በመሸከም የሚያድር። የሱ በአክታ የተገኘ እውነተኛ ነቀርሳ ነው፤ መድኃኒቱ ይዞለት ፊቱ መመለስ ጀምሯል።

«አካም ቡልቴ፣ ሀርሜ?» ይላታል ሲያያት፤ እንዴት አደርሽ፣ እናቴ ማለቱ ነው። እጇን ለመያዝ የማይፈራ ሰው በዚያ ሰሞን ያገኘችው እሱን ብቻ ነው፤ ከሰሚራ ሌላ። ቦሩን ያከራየው ሰው ከቤት አስወጥቶታል። «ነርሷ አሁን ወደ ሰው አይተላለፍም ብላኝ ነበር» አላት አንድ ቀን። «ልነግረው ሄድኩ። ስደርስ ግን ፍራሼን ቀድሞ ውጭ አውጥቶት ነበር።» ይሄን ሲናገር እየሳቀ ነበር። ሙሉሃብት አልሳቀችም።

ቦሩ እየዳነ ሲሄድ እሷ ባሰባት። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎቷን ዘጋው። ሌሊት በላብ ትነከራለች። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ስትስል አፏን የሞላው አክታ አረንጓዴና ደም የቀላቀለ ሆነ፤ ሽታው ለራሷም አላስቆም አላት። ዘውገ በአጨዳ ላይ ነበር። ሮሚ በሩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጭና ታያታለች። ሙሉሃብት ግድግዳውን ተደግፋ እስከ ሰሚራ ሱቅ ሄደችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ሰሚራ መጥታ ግንባሯን ዳሰሰች። «ያ ረቢ» አለች ቀስ ብላ። ሱቁን ዘጋችው። የገበያ ቀን ነበር፤ ደንበኛ በር ላይ ቆሟል፤ ቢሆንም ዘጋችው። «ወደዚያ ክሊኒክ አንመለስም። ጎባ ነው የምንሄደው።»

ባጃጅ ይዘው መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ ጎባ ሄዱ። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገባቸው የነበረችው ሴት ሽታውን ሸሽታ መስኮት ከፈተች። ብርዱ ሲገባ ሰሚራ የራሷን ፎጣ አውልቃ ሙሉሃብትን አለበሰቻት።

ጎባ ሆስፒታል የተቀበላቸው ዶክተር ጀሊል የሚባል፣ ጢሙን አሳጥሮ የሚቆረጥ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ደረቷን በፊትም በጀርባም አዳመጠ። ከዚያ ከኪሱ ትንሽ የእጅ ባትሪ አወጣ።

«አፍዎን ይክፈቱልኝ።»

ሙሉሃብት አፏን እንደዘጋች ቀረች። እምቢ ማለቷ አልነበረም፤ የሰማችውን ማመን አቃታት።

«ይክፈቱ፣ እናቴ። ግድ የለም።»

ከፈተች። ጀሊል ባትሪውን አብርቶ፣ ጓንት ባጠለቀ ጣቱ ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ ብዙ ጊዜ ወስዶ አየ። ድዷን ጫን ሲለው መግል ወጣ። ሽታው ፊቱ ላይ ሲደርስ አልሸሸም።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሳሉ በፊት።»

«ለሐኪም ተናግረው ነበር?»

«በሄድኩ ቁጥር ተናግሬያለሁ።»

«ምን አሉዎት?»

«የጥርሱ ሌላ ነው አሉኝ።»

ጀሊል ባትሪውን አጠፋ። አዲስ ራጅ አስነሳት፤ አክታዋን በሌላ መሣሪያ ደግሞ አስመረመረ። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሩን አልጋዋ አጠገብ ስቦ ተቀመጠና ራጁን ለሁለቱም አሳያቸው። በቀኝ ሳንባዋ ውስጥ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነ ነገር ይታያል፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ፣ መሃሉ በመስመር የተከፈለ።

«ይሄ ነጩ መግል ነው» አለ። «ሳንባዎ መግል ቋጥሯል። ነቀርሳ የለብዎትም፤ አክታዎ አሁንም ነጻ ነው። እኔ እንደማየው ነገሩ የተነሳው ከድድዎ ነው። የታመመ ድድ ውስጥ ብዙ ተሕዋስያን ይራባሉ። ሰው ተኝቶ ሳለ ምራቁ ጥቂት ጥቂት ወደ አየር ቧንቧው ይወርዳል፤ ይሄ ሁላችንም ላይ የሚደርስ ነው። ጤነኛ ሰው ሳንባው ያጸዳዋል። የርስዎ ምራቅ ግን መግል ይዞ ነው የሚወርደው። በዚያ ላይ እንቅልፍዎ ሲከብድ ስሎ የሚያወጣው ኃይል ይደክማል።»

«ሽሮፕ ይሰጡኝ ነበር» አለች ሙሉሃብት። «የሚያስተኛ።»

«እሱም አግዞት ይሆናል» አለ ጀሊል። «ድዱ የታመመ ሁሉ ሳንባውን ይታመማል ማለቴ አይደለም። ግን ሳንባው የታመመን ሰው አፉን አለማየት አይገባም። አንድ መንገድ ናቸው።»

ሰሚራ «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ነቀርሳ አለመሆኑን ሰምታ። ሙሉሃብት ግን ደስታ አልመጣላትም። የመጣላት እሳት ነው። ከእግሯ ጀምሮ ሲወጣ ተሰማት። የጓሮውን ክፍል፣ ጭልፋውን፣ በሩ ላይ የሚቆሙትን የልጅ ልጆቿን፣ በከንቱ የዋጠችውን መድኃኒት አሰበች፤ ይሄ ሁሉ የሆነው አንድ ሰው ባትሪ አብርቶ አፏን ማየት ስላልፈለገ ነው። ላልቅስ ብላ ነበር፤ ንዴቱ እንባዋን አደረቀው።

ሆስፒታል ተኝታ በደም ሥሯ መድኃኒት ተሰጣት። ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ሽታው ጠፋ፣ ምግብ በላች። ጉልበቷ ሲመለስ ወደ ጥርስ ክፍል ወሰዷት። የተነቃነቁት የታች ጥርሶቿ ተነቀሉ፤ የቀሩት ሥራቸው ድረስ ተጠርገው ጸዱ። የጥርስ ባለሙያዋ መስተዋት ሰጥታ ድድ ሲደማ መፋቅ እንደማይተው፣ እንዲያውም በለስላሳ ብሩሽ በደንብ እንደሚጸዳ አሳየቻት። ሙሉሃብት መስተዋቱ ውስጥ ባዶውን ድዷን እያየች ይሄን ለማወቅ ለምን ጥርሷን ማጣት እንዳስፈለጋት ጠየቀች።

ዘውገ አጨዳውን አቋርጦ መጣ። ሰሚራ በስልክ ነግራው ነበር። አልጋው ግርጌ ቆሞ፣ ስንዴ ብናኝ ያለበትን ኮፍያውን በእጁ እያዞረ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማዬ፤ ያ ነገር አይደለም አሉ» አለ።

«ያ ነገር ምንድን ነው?»

«ያው… ነቀርሳው።»

«ስሙን ጥራው እንጂ። ከጆንያ ጋር ስታስተኛኝ ስሙን ታውቀው ነበር።»

ዘውገ መሬት መሬት አየ። «ሐኪሙ ያለውን ነው ያደረግነው።»

«ሐኪሙ ብርጭቆዋን ቀለም ቀቡ አለ? እዚህ ጠይቄያለሁ፣ ዘውገ። ነቀርሳ በብርጭቆ አይተላለፍም። በሳህንም አይተላለፍም። በትንፋሽ ነው፤ እሱም መድኃኒቱ ከተጀመረ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይቆማል። ሄደህ ብትጠይቅ ይነግሩህ ነበር። አንተ የጠየቅኸው ማንን ነው?»

«ለልጆቹ ፈርቼ ነው፣ እማዬ።»

«መፍራትህን አልጠላሁትም። ሳትጠይቅ መፍራትህን ነው።»

ከዚያ በላይ አልተናገረችውም። ወደ ቤት ስትመለስ አልጋዋ ወደ ዋናው ቤት ገብቶ፣ ባለ ቀይ ነጥቡም ዕቃ ተለቅሞ ጠፍቶ አገኘችው። ሮሚ ሾርባ አቀረበችላትና ዓይኗን ሳታነሳ ወጣች።

ከሆስፒታሉ ይዛው የመጣችው የሚዋጥ መድኃኒት ገና ሳያልቅ ሙሉሃብት ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው ክሊኒክ ሄደች። ሰሚራ አብሬዎት ልሂድ ብትላት አይሆንም አለቻት። ተራዋን ጠብቃ ገባች። ሰሎሞን አያት፤ ወዲያው አላወቃትም፤ ወፈር ብላለች።

«ምን ያምዎታል፣ እማማ?»

«ምንም አያመኝም። ነቀርሳ ብለህ መድኃኒት ያስጀመርከኝ ሙሉሃብት ነኝ። ጎባ ሄጄ ሳንባዬ መግል ቋጥሮ ተገኘ። ከድድሽ ነው የመጣው አሉኝ።»

ሰሎሞን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የሰጠችውን የሆስፒታል ወረቀት አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። «ይሄ ሊሆን የሚችል ነገር ነው» አለ። «ግን እማማ፣ እኛ ጋ ጥርስ ሐኪም የለም። ያለን መሣሪያም…»

«ጥርስ ሐኪም አልጠየቅኩህም። መሣሪያም አልጠየቅኩህም። ላሳይህ ቀና ስል በእጅህ አስቆምከኝ። ትዝ ይልሃል?»

«ብዙ ሰው ነው የማየው።»

«አላየኸኝም። የምልህ እሱን ነው። ብዙ ሰው ይገባል፣ ብዙ ሰው ይወጣል፤ አንተ ግን አታይም።»

«መመሪያ አለን። ሳል ሲቆይ፣ ክብደት ሲቀንስ፣ ራጁ ላይ ጥላ ሲኖር መጀመሪያ የምናስበው ነቀርሳ ነው። ማንም ባለሙያ ቢሆን…»

«ጎባ ያለውም ባለሙያ ነው። መጀመሪያ ያደረገው አፍሽን ክፈቺ ማለት ነበር። ደግሞስ ስሜ ከዚህ ቤት እንዴት ወጣ? ነቀርሳ ይዟታል የሚለው ወሬ ከኔ በፊት ለቅሶ ቤት የደረሰው በማን አፍ ነው?»

ሰሎሞን ፊቱ ቀላ። ይሄን እንደማያውቅ፣ ሠራተኞቹን እንደሚጠይቅ ተናገረ። ከዚያ ቀጥሎ «ይቅርታ፣ ግን» ብሎ ጀመረ። ሙሉሃብት ከ«ግን» በኋላ ያለውን ለመስማት አልቆየችም። በሩን ከፍታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ የተሰለፉት ሰዎች በሙሉ ሰምተዋል፤ አንድ ሽማግሌ መንገድ ለቀቁላት። መንገድ ላይ ስትደርስም ልቧ አልቀለላትም።

የእድሩ ስብሰባ ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሙሉሃብት ቀድማ ሄዳ ከፊት ተቀመጠች። ዘውገና ሮሚ ከኋላ መጡ። አቶ ጉሉማ ተነስተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሰፈሩ ሰው የሚያከብራቸው፣ ሰው ማስቀየም የማይወዱ ሽማግሌ ናቸው።

«አዴ ሙሉ እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» አሉ፤ አዴ ወይዘሮ ማለት ነው። «የተባለው ነገር ሐሰት ሆኖ በመገኘቱ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ንጹሕ ሆነሽ ተገኝተሻል። እንግዲህ ያለፈውን ለእግዚአብሔር ሰጥተን ወደ ቦታሽ ትመለሻለሽ። ይሄው ነው።»

ሰው አጨበጨበ። ወለተ ማርያም ተነስታ ልታቅፋት መጣች። ሙሉሃብት እጇን ዘርግታ አስቆመቻት።

«ትንሽ ቆዪ፣ ወለተ ማርያም። አቶ ጉሉማ፣ ንጹሕ ሆነሽ ተገኘሽ ያሉኝ አልገባኝም። ነቀርሳ ቢሆን ኖሮስ? ቆሻሻ ልባል ነበር?»

«እንደዚያ ማለቴ አይደለም።»

«ነው እንጂ። እንደዚያ ስላሰባችሁ አይደለም ያስወጣችሁኝ? ሳል ያለበት ሰው ወጥ ቤት እንዳይገባ ብላችሁ በሌለሁበት ወስናችኋል። አንድም ሰው ቤቴ መጥቶ እንዴት ነሽ አላለኝም። እኔ ሳንባዬ በመግል ሲሞላ እናንተ ስለ ድስቱ ነበር የምትነጋገሩት።»

ከኋላ አንድ ሰው «ፍርሃት ነው፣ እቱ» አለ።

«ፍርሃቱ ይገባኛል። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ቦሩ ከሚባል ልጅ ጋር ስቀመጥ ከርሜአለሁ። እሱ ነቀርሳው እውነተኛ ነው። በየቀኑ መድኃኒቱን ይውጣል፤ ነርሷ አሁን አያስተላልፍም ብላዋለች። ያከራየው ሰው ግን ፍራሹን መንገድ ላይ አወጣው። ያ ሰው እዚህ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። ያ ልጅ ንጹሕ አይደለም? እኔ የማዝነው ለራሴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጭብጨባችሁን ተቀብዬ እቀመጥ ነበር።»

ሙሉሃብት አፏን ከፍታ ባዶውን ድዷን አሳየቻቸው። ሳትሸፍን፣ ሳትቸኩል፣ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው አሳየቻቸው። ጥቂቶች ዓይናቸውን አሸሹ።

«እዚህ ውስጥ የነበረው ነው ሳንባዬ የገባው» አለች። «ድዳችሁ የሚደማ ካላችሁ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ታዩ። የሚታከመውን ሰው ደግሞ አታባሩት። ያ ውሳኔ ካልተሻረ እኔ ወደ ወጥ ቤቱ አልመለስም።»

አቶ ጉሉማ ዙሪያቸውን አዩ። ሰሚራ ቀድማ እጇን አወጣች፣ ውሳኔው ይሻር ብላ። ባዳሳ፣ እናቱን ያስቀበሩለት አናጢ፣ ተከተላት። እጅ እየተጨመረ ሄደ። ወለተ ማርያም ዘግይታ፣ ፊቷ እንደቀላ አወጣች። ከግድግዳው ሥር የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች ግን እስከ መጨረሻው እጃቸውን አላወጡም። ከነሱ አንዱ ኮቱን አንስቶ ወጣ፤ የት ቤት እንዳለውና ለማን እንደሚያከራይ ሁሉም ያውቃል። ውሳኔው ተሻረ። ቦሩን ግን ማንም መልሶ ላከራየው አላለም፤ በኋላ ማደሪያ ያገኘው ከሰሚራ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው።

ሙሉሃብት አሸነፍሽ ቢሏትም እንዳሸነፈ ሰው አልተሰማትም። ቤቷ ገብታ ለራሷ ሻይ አፍልታ ተቀመጠች። ሮሚ ገብታ ከፊቷ ቆመች።

«ምን ፈለግሽ?»

«የኔም ይደማል» አለች ሮሚ፣ በጣም ቀስ ብላ። «ድዴ። ሁለተኛውን ልጅ ካረገዝኩ ጀምሮ ነው። ለማንም አልተናገርኩም።»

ሙሉሃብት አየቻት። ያቺ ቀይ ነጥብ ዓይኗ ላይ መጣች፤ ንዴቷም ከነሙሉ ኃይሉ ተመለሰ። የልጅቷ ፊት ግን አመድ መስሏል።

«ወደ መብራቱ ነይ።»

ሮሚ ቀረበች። ሙሉሃብት ተነስታ በአውራ ጣቷ ከንፈሯን ገለጥ አደረገችው። ድዷ ቀልቶ አብጧል። ጥርሷ ግን አይነቃነቅም።

በማግስቱ ማለዳ ሁለቱ ወደ ጎባ በሚሄደው ሚኒባስ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ውጭ ስንዴው ታጭዶ ያለቀበት ሜዳ ውርጭ ለብሷል። ከከተማው ወጣ እንዳሉ ሮሚ፣ «እማማ፣ ያን ጊዜ ብርጭቆዎን እኔ…» ብላ ጀመረች።

«ዛሬ አይደለም» አለቻት ሙሉሃብት። «ተቀይሜሻለሁ፤ ገና አልወጣልኝም። ሲወጣልኝ እነግርሻለሁ። አሁን ግን ሐኪሟ ስትጠይቅሽ አንድም ሳትደብቂ ተናገሪ። አልሰማም ካለችሽ እኔ አለሁ።»

ሮሚ ራሷን ነቀነቀች። ሚኒባሱ ዳገቱን ጀመረ፤ ሙሉሃብት ብርዱ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋችው።